በምንጩ ግርጌ የምትኖረው ትንሽ ዓሣ

ለሰበካ ጉባኤያትና ለአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎች የተዘጋጀ የጥናት ጽሑፍ



ከየካ ክፍለ ከተማ አጥቢያዎች የአንዱ የልማት ኮሚቴ አንድ ጥያቄ አቅርቦልን ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግርጌ ከተራራው የሚወርድ ጅረት አለ፤ እርሱን ገድበን ቆሮሶ ብናረባበት ለአረጋውያን መርጃ የሚሆን ገቢ አናገኝምን? የሚል ነው። ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ስለ ነበር በጥቅምት ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው መጥራት ሲጀምር፣ ወደ ስፍራው ሄድን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግድቡ የሚያርፍበትን ቦታ እየጠቆሙ ሲያስረዱን፣ አጠገባችን ቆመው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ፣ «ልጆቼ፣ ዓሣ ከየት ልታመጡ ነው? ዓሣማ ድሮም አለው» አሉን። እውነቱን ለመናገር ማናችንም አላመንናቸውም። እርሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ወደ ጅረቱ ወረዱና ጥላቸው በውኃው ላይ እንዳያርፍ ከፀሐይ ማዶ ዞረው ቆሙ፤ እኛንም ዝም እንድንል በእጃቸው ምልክት ሰጡን። ጥቂት ቆይቶ ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ላይ የድንጋዩን መልክ የመሰለ ነገር ተነሥቶ ወደ ሌላው ድንጋይ ሥር ገባ። ጣት የምታህል ዓሣ ነበረች።

ለኮሚቴው የሰጠነውን መልስ በመጨረሻ እናነሣዋለን። አስቀድመን ግን ስለዚያች ዓሣና ስለምትኖርበት ውኃ እንነጋገር፤ ምክንያቱም በእንጦጦና በየካ ተራሮች ሥር ያሉ አጥቢያዎች ብዙዎቹ በምንጭ ራስ ላይ የተተከሉ ናቸው፤ ከእነርሱ ቅጽር የሚወጣው ውኃ ደግሞ ከተማውን አቋርጦ እስከ አዋሽ የሚደርስ ነው።

ጉርድ ሾላን ዛሬ የሚያውቃት ሰው የሚያስበው የቀላል ባቡሩን ጣቢያ፣ ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. የሚወስደውን መንገድና የሕንፃዎቹን ብዛት ነው። ስሟ ግን የዛፍ ስም ነው። ሾላ ውኃ የሚወድ፣ በወንዝ ዳርና ርጥበት ባለበት ቦታ የሚገዝፍ ዛፍ ነው፤ አባቶቻችን ሾላ ባዩበት ስፍራ ውኃ ቅርብ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጉርድ ሾላ የሚለው ስም በራሱ ስፍራው ዛፍና ውኃ የነበረበት መሆኑን ይነግረናል። ዛሬም ከየካ ተራራ የሚወርዱ ጅረቶች በኮተቤና በጉርድ ሾላ አካባቢ በድልድዮች ሥር አልፈው ወደ ትልቁ አቃቂ ይሄዳሉ። ድልድዩን በመኪና የሚያልፍ ሰው ከታች ያለውን ወንዝ የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ በሽታው ብቻ ነው። ሆኖም ያው ውኃ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ሲወጡ ጠጠሩ የሚታይ ጥሩ ውኃ ሆኖ ይገኛል። የዓሣዋ ነገር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው።

ይህችን ዓሣና ዘመዶቿን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት «ጋራ» በሚል የወል ስም ይጠሯቸዋል። አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ እንደሚል እናውቃለን፤ የጋራ ዓሣ ስሟም ጋራ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ስሙ ከእኛ ቋንቋ የተወሰደ አይደለም። ሃሚልተን የተባለው ስኮትላንዳዊ በሕንድ የጋንጅስን ወንዝ ዓሦች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ያወጣው ስም ነው፤ ከእኛ ጋራ ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ ነው። ወገኑ ሰፊ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያና ከቻይና ጀምሮ በሕንድ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በዐረብ ምድር አልፎ እስከ አፍሪካ ይደርሳል፤ ከመቶ የሚበልጡ ዝርያዎችም አሉት። በቱርክ ፍል ውኃዎች የታማሚዎችን ቆዳ እየለቀመች ዝነኛ የሆነችው «ሐኪም ዓሣ» የዚሁ ወገን ናት። በሶማሊያ ከምድር በታች ባለ ውኃ ውስጥ ብርሃን ሳታይ የምትኖር፣ ዓይን የሌላት ዓሣም እንዲሁ።

በሀገራችን በብዛት የምትታወቀው ጋራ ደምቤንሲስ ትባላለች። የዚህችኛዋ ስም በእርግጥ ከእኛ ምድር የተወሰደ ነው፤ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ ጎንደርና ወደ ጣና መጥቶ የሰበሰባቸውን ዓሦች ሲሰይም ለዚህችኛዋ የሰጣት የደምቢያን ስም ነው። ከጣና በተጨማሪ በአዋሽ ተፋሰስም ትገኛለች፤ የእንጦጦና የየካ ጅረቶች ደግሞ የአዋሽ ውኃ ናቸው። ከእርሷ ሌላ ከመቂ ወንዝ ስሟን ያገኘችው ጋራ ማኪየንሲስም በዚሁ ተፋሰስ አለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን በኒው ዮርክ ከሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪ ከሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ ብቻ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ለዓለም አስተዋውቀዋል። ከአምስቱ መካከል ጣና፣ ደምበጫና ገባ የሚሉ የሀገር ስሞችን የያዙ አሉ። በኢሉባቦር በሶር ወንዝ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በአንድ ወንዝ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ስድስት ዓይነት የጋራ መልኮችን አግኝቷል፤ አንዱ ከንፈሩ የወፈረ፣ ሌላው ሌሎችን ዓሦች አድኖ የሚበላ፣ እያንዳንዱ አፉንና አካሉን ለራሱ ምግብ ያመቻቸ ነው። በሐይቅ ውስጥ ሲሆን እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ በጣና የሚገኙት ዐሥራ አምስት የነጭ ዓሣ ወገን ዝርያዎች ምስክር ናቸው። በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ግን እምብዛም አይታይም። ሥነ ፍጥረትን ስናስተምር ሐሙስ ስለ ተፈጠሩት የባሕር ፍጥረታት ስንናገር የምንጠቅሳቸው ብዙውን ጊዜ ታላላቆቹን ነው፤ ጣት በምታህለው ፍጥረት ውስጥም ይህን ያህል ልዩ ልዩነት መኖሩን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብንነግራቸው የሚጠሉት አይመስለንም።

አሁን ወደ አካሏ እንመለስ። ብዙዎቹ ከዐሥር ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ ናቸው፤ ቀለማቸው የተቀመጡበትን ድንጋይ ይመስላል። አፏ እንደ ሌሎች ዓሦች በፊቷ ላይ ሳይሆን ከታች፣ ወደ መሬት የዞረ ነው። የመንጋጋዋ ጠርዝ ጠንካራ ስለ ሆነ በድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ዝልግልግ አልጌ እየፋቀች ትመገባለች፤ የነፍሳት እጭም አይቀራትም። ሣር በል እንስሳ አንጀቱ ረጅም እንደሚሆን ሁሉ የእርሷም አንጀት ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ረጅም ነው። ዋናው ድንቅ ግን ከአፏ በታች ያለው ነው፤ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ክብ፣ ሥጋማ መጣበቂያ ሆኗል። በክረምት ደራሽ ውኃ ድንጋዩን ሲያንከባልል እርሷ በዚህ መጣበቂያ ትልቁን ድንጋይ ይዛ ትቀመጣለች፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የሐምሌ ጎርፍ ምን እንደሚመስል ለምታውቁ ሁሉ ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን መናገር አያስፈልገንም። ደረቷም ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ውኃው በላይዋ ያልፋል እንጂ አያነሣትም።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ይህችን ዓሣ የሚመለከታት አይደለም፤ ለሰው ማዕድ የሚሆን ሥጋ የላትም። ለዓሣ አሞራና ለመሳሰሉት የውኃ አእዋፍ ግን ምግብ ናት፤ ድንጋዩንም ከአልጌ የምታጸዳው እርሷ ናት።

ጠንካራ ናት ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ግልጽ መሆን አለበት። በበጋ ጅረቱ ሲቋረጥ በቀረችው ኩሬ ውስጥ እስከ በልግ ዝናብ ትቆያለች። የሌሊቱን የእንጦጦ ብርድም፣ የቀኑን ፀሐይም ትችላለች። ክረምት ሲገባ ውኃውን ተከትላ ወደ ላይ ትወጣለች። በሀገራችን ከዚህም የበለጠ የሚችሉ ትንንሽ ዓሦች አሉ፤ በአፋር ከባሕር ወለል በታች ባለው በአፍዴራ የጨው ሐይቅ የምትኖረውና ከላይ በጠቀስናቸው በሜላኒ ስቲያስኒ ስም የተሰየመችው ዓሣ አንዷ ናት። የጋራ ጥንካሬ ግን የተፈጥሮን መከራ የመቻል ጥንካሬ ነው። ጎርፍን፣ ድርቅን፣ ብርድን ለመቻል ተዘጋጅታለች፤ ሳሙናን፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽንና የተቆፈረ አፈርን ለመቻል አልተዘጋጀችም። ስለዚህ ከአንድ ጅረት ስትጠፋ የምናገኘው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሰው እጅ የመጣ ነው።

ስለ አየር እንጀምር። ዓሣ የምትተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቀው የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ በድንጋይ ላይ እየተጋጨ የሚወርድ ውኃም ከቆመው የተሻለ ነው። በዚህ በኩል የተራራ ጅረት መልካም ቤት ነው። ነገር ግን ከፍታው ደግሞ ይቀንስበታል። ጉርድ ሾላ ካለችበት ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በ15 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ በአንድ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ የሚችል ውኃ በእኛ አካባቢ የሚይዘው ከ7 ተኩል ሚሊ ግራም እምብዛም አይበልጥም። በሌላ አነጋገር፣ የደጋ ውኃ ሲጀመርም ትርፍ የለውም። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወይም የወጥ ቤት ትራፊ ሲገባበት ያንን የሚያበሰብሱ ጥቃቅን ሕዋሳት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ዓሣዋም ታፍና ትሞታለች። የሞተች ዓሣ ተንሳፋ የሚያይ ሰው መርዝ ተጨመረ ብሎ ይጠረጥራል፤ መርዝ ሳይኖር የድግስ ማግስት እጣቢ ብቻውን ይህን ሊያደርግ ይችላል። በዓመታዊ ክብረ በዓል ዕለት ስንት ሰው በቅጽራችን እንደሚስተናገድና እጣቢው ወዴት እንደሚደፋ እያንዳንዱ አጥቢያ ያስብበት።

ስለ ልብስ ማጠቢያም እንናገር። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ያጥቡ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ታላቅ ምርምር በር የከፈተ መሆኑም የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶድ ግን የዓሣንም ስንጥብ ይጎዳል። የዱቄት ሳሙናም እንዲሁ ነው። ይህን የምንለው የእንዶድን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ ማጠቢያው ከጅረቱ ርቆ፣ እጣቢው በአፈር ላይ እንዲፈስ ማድረግ በቂ ነው። ሃያና ሠላሳ እርምጃ መራቅ ማንንም አይጎዳም።

ከዚህ የከፋው የብርብራ ነገር ነው። በጣና ዙሪያና በሌሎችም ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ በውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሦች ትንፋሻቸው ታውኮ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ አጥማጁም ይለቅማል። ዘዴው ጥንታዊ ነው። ጉዳቱ ትልቁንና ትንሹን፣ እናቲቱንና ጫጩቷን ሳይለይ መግደሉ ነው፤ በተለይ ዓሦች ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ በሚሰበሰቡበት ወቅት ሲደረግ የአንድን ወንዝ ትውልድ በአንድ ቀን ያጠፋል። በእንጦጦ ጅረቶች ዓሣ የሚያጠምድ ሰው እምብዛም ስለሌለ ይህ የእኛ ችግር አይደለም ይባል ይሆናል። ይህ መልእክት ግን በገጠር አህጉረ ስብከት ላሉ አንባብያንም የሚደርስ ስለ ሆነ አልፈነው ለመሄድ አልፈለግንም።

አፈርም አለ። ከተቆፈረ መንገድ፣ ከድንጋይ ካባና ከተራቆተ ተዳፋት በክረምት የሚታጠበው ደለል በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። እንቁላላቸውን በጠጠር መካከል ለሚጥሉ የወንዝ ዓሦች ሁሉ ይህ የቤት መደርመስ ነው፤ አልጌው የሚበቅልበት ድንጋይም ይሸፈናል። በቅጽራችን የሕንፃ ሥራ ስናካሂድ የአፈሩን ክምር በጅረቱ ዳር የምናደርገው ቦታ ስለምናጣ መሆኑን እናውቃለን። ክረምት ከመግባቱ በፊት ግን መነሣት አለበት።

ከእንጦጦ ራስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ የሚነሡት ጅረቶች ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቀበና፣ ግንፍሌና ሌሎችም ስሞች እየያዙ በመጨረሻ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ በምዕራብ በኩል ያሉት ደግሞ ወደ ትንሹ አቃቂ። ሁለቱም የሚገናኙት በአባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላሉ። በመንገዳቸው የቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ በትንሹ አቃቂ በኩል ደግሞ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላሉ። አባ ሳሙኤል ዛሬ በደለልና በእምቦጭ የተያዘ ነው። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ አልምተው ለከተማው ገበያ የሚያቀርቡ ገበሬዎች አሉ፤ በአትክልቶቹ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ጎጂ የሆኑ ከባድ ብረቶች እንዳሉባቸው አሳይተዋል። እንግዲህ ከላይ የተደፋው ነገር በአትክልት ሆኖ ወደ ገበታችን ይመለሳል። የወንዞቹን ዳርቻ ለማልማት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው የተጀመረው ሥራ የሚመሰገን ነው። ይሁንና ዳርቻውን ማሳመርና ውኃውን ማጽዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የታችኛውን የምናጸዳው ከላይ ጀምረን ነው፤ ከላይ ደግሞ ያለነው እኛ ነን።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በአርባ ሰባተኛው ምዕራፍ ያየውን ራእይ ካህናት አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ከቤተ መቅደሱ መድረክ ሥር የወጣው ውኃ ወደ ደረሰበት ሁሉ ሕይወትን፣ ዓሣንም ያደርስ ነበር። ትርጓሜውን ለመምህራን እንተዋለን። ከእኛ ቅጽር የሚወጣው ውኃ ግን በታች ላሉት ምን ይዞ እንደሚደርስ መጠየቅ የልማት ኮሚቴም ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ስሕተት መናዘዝ ይገባናል። ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን ከዓመታት በፊት ከዚህ ከተማ ርቆ በሚገኝ አንድ አጥቢያ በምንጭ ማጎልበት ሥራ ተሳትፈን ነበር። የምንጩን ዐይን በድንጋይና በሲሚንቶ ዘጋን፤ ውኃውን በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ ወሰድን፤ ሕዝቡም ንጹሕ ውኃ አገኘ፤ ምረቃውም ደስ የሚያሰኝ ነበር። የትርፍ ውኃ መውጫውን ቧንቧ ግን ወደ ጅረቱ ሳይሆን ለሥራው በቀረበን በኩል፣ ወደ መንገድ ዳር ቦይ አወጣነው። በማግሥቱ ዓመት በየካቲት ስንመለስ ከምንጩ በታች የነበረችው ኩሬ ደርቃ፣ መሬቷ ተሰነጣጥቆ አገኘናት። በውስጧ ምን እንደ ነበረ ማንም ከእኛ ጠይቆ አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከብቶች ይጠጡባት እንደ ነበር የነገሩን የመንደሩ እረኞች ናቸው፤ «ትንንሾቹ ዓሦችስ?» ብሎ የጠየቀንም አንድ የእረኛ ልጅ ነው። መልስ አልነበረንም።

ሥራው እንዴት መሠራት እንደ ነበረበት ቀላል ስሌት ያሳያል። ምንጩ በሚቀንስበት ወቅት፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ አቅርባችሁ ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅበት ቁጠሩ። አርባ ሰኮንድ ቢፈጅ ምንጩ በሰኮንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል፤ በቀንና በሌሊት 43,200 ሊትር ማለት ነው። አምስት መቶ ሰዎች በቀን ሃያ ሃያ ሊትር ቢቀዱ የሚወስዱት 10,000 ሊትር ነው። የቀረው 33,200 ሊትር ማጠራቀሚያው ከሞላ በኋላ የሚፈስ ትርፍ ነው፤ ይህ ትርፍ ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ ቀድሞ መንገዱ ሊመለስ ይገባዋል። የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ቧንቧና ውኃው ሲወድቅ መሬት እንዳይቦረቡር የሚቀበለው የድንጋይ ንጣፍ ብቻ ነው። ምንጩ ይህን ያህል ካልሰጠስ? ያን ጊዜ ሰው ይቀድማል፤ ይህን አናከራክርም። ነገር ግን ያየናቸው አብዛኞቹ ምንጮች ሌሊቱን ሙሉ ትርፋቸውን በከንቱ የሚያፈስሱ ነበሩ።

የጸበል ቦታዎቻችንም በዚሁ ስሌት ይታያሉ። ከመጠመቂያው የሚወጣው ውኃ ንጹሕ ነው፤ የሚያበላሹት ከእርሱ ጋር የሚሄዱት ሳሙና፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና አሮጌ ልብስ ናቸው። በጸበል ሳሙና አይገባም የሚለው ሥርዓት ብዙ ቦታ አለ፤ በጽሑፍ ተለጥፎ፣ በአስተናጋጆችም ተነግሮ ቢጠበቅ ጅረቱም አብሮ ይጠበቃል።

ስለ ዛፍ ብዙ ስለ ተጻፈ እናሳጥር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ባለውለታ ነው፤ የእንጦጦ እናቶች በጀርባቸው ያወረዱት እርሱን ነው። በምንጭ ራስና በጅረት ዳር ግን ቦታው አይደለም፤ ብዙ ውኃ ይጠጣል፣ በሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ ስለማያስበቅል አፈሩ ይታጠባል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ ባሕር ዛፉን በጽድ፣ በወይራና በመሳሰሉት የሀገር ዛፎች ለመተካት የሠራው ሥራ ለአጥቢያዎቻችን ጥሩ ምሳሌ ነው። በጅረቱ ዳር ሾላና ዶቅማ፣ ከፍ ብሎ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ቢተከሉ ሥራቸው ዳርቻውን ይይዛል፤ ጥላቸውም ውኃውን ያቀዘቅዛል። በቅጽራቸው ያረጀ ጽድ ያላቸው ደብሮች ይህን ሥራ አባቶቻቸው አስቀድመው ሠርተውላቸዋል።

ዓሣዋ መኖር አለመኖሯን ለማወቅ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ መሪጌታው ካደረጉት የተሻለ ዘዴ የለንም። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ውኃው ሲጠራ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ጥላችሁን ከውኃው አርቃችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መያዝ አያስፈልግም፤ መረብ አትጠቀሙ። ዓሣ ካልታየ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከውኃው አንሥታችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። እግር ያላቸው፣ ጠፍጣፋና ጅራታቸው ሁለት ወይም ሦስት ክር የመሰለ ፈጣን እጮች ካገኛችሁ ውኃው ገና መልካም ነው። ቀያይ፣ ክር የሚያካክሉ ትሎች ብቻ ካገኛችሁ ኦክስጅኑ አልቋል ማለት ነው። ድንጋዩን እንደ ነበረ መልሱት። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በመምህራቸው ጠባቂነት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በየካቲት፣ ያዩትን ቀኑን ጠቅሰው በደብተር ቢጽፉ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ አጥቢያው ስለ ራሱ ጅረት ማንም የሌለው መረጃ ይኖረዋል። ከድልድዮቹ በታች ባለው የተበከለ ውኃ ውስጥ ግን ልጆች እጃቸውንም እንዲያስገቡ አትፍቀዱ።

አሁን ወደ ኮሚቴው ጥያቄ። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው፤ የየካ ተራራ ጅረት ብርድ ባይገድለውም አያሳድገውም፤ የተደከመበትን ያህል ገቢ አይሰጥም። ጅረቱን መገደብ ደግሞ የሚሮጠውን ውኃ ያቆመዋል፤ ደለል ይሞላዋል፤ የነበረችውም ትጠፋለች። ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ሲያመልጥ ምን እንደሚያደርግ የዓለም ልምድ ብዙ አስተምሯል፤ ወባን ያጠፋል ተብሎ በየአህጉሩ የተለቀቀው የወባ ትንኝ ዓሣ ዛሬ በዓለም ላይ ከከፉት መቶ ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ምክራችን አይሆንም የሚል ነበር። ለአረጋውያን መርጃ የሚሆነውን ገቢ በንብ ቀፎና በችግኝ ጣቢያ እንዲሞክሩት ሐሳብ አቀረብን፤ ለሁለቱም ቦታው አላቸው።

ሰብሳቢው ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው አነበብን፤ የግድቡን ንድፍ በራሳቸው ወጪ አሠርተው ነበርና አንፈርድባቸውም። መሪጌታው ግን ገና ከጅረቱ አልወጡም ነበር። ከልጆቹ አንዱን አጠገባቸው አቁመው ጥላው በውኃው ላይ እንዳያርፍ ትከሻውን ይዘው ያዞሩት ነበር።